የመኪና የክርስትና ስምና የቤት ስም

አንድ ቀን በቃሊቲ በኩል ከከተማ ስንወጣ መንገዱ ተዘጋግቶ ከአንድ የሽንኩርት አይሱዙ ኋላ ግማሽ ሰዓት ቆምን። ሌላ የማነበው ስላልነበረኝ ከጭነቱ በታች በትልልቁ የተጻፉትን አምስት የፈረንጅ ፊደሎች ደጋግሜ ሳነብ ቆየሁ። ከጎኔ የተቀመጠው የአክስቴ ልጅ ደግሞ "ይሄ አልቃኢዳ እስኪንቀሳቀስ እዚሁ ልናድር ነው" አለ።

አይሱዙ የወንዝ ስም ነው። ጃፓን ውስጥ በሚዬ ግዛት፣ በታላቁ የኢሴ ቤተ መቅደስ ሥር የሚፈስ ንጹሕ ወንዝ አለ። ተሳላሚዎች ወደ ውስጠኛው ቤተ መቅደስ ከመዝለቃቸው በፊት ወደ ዳርቻው ወርደው እጃቸውን ይታጠባሉ። ስሙ የሚጻፍበት ፊደል ሲፈታ "ሃምሳ ደወሎች" ይሆናል። ለእኛ ሰው በቀላሉ ለማስረዳት የጠበል ስም ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ይህንኑ የጠበል ስም የያዘ የጭነት መኪና አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በአገር አቋራጭ መንገድ ላይ በሚያደርሰው አደጋ የተነሳ "አልቃኢዳ" ተባለ።

በእኛ አገር ልጅ በአርባ ቀኑ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ "ወልደ ሥላሴ" ይባላል፣ ቤት ሲመለስ ግን "ማሙሽ" ነው። የክርስትና ስሙን የሚያውቁት እናቱና ንስሐ አባቱ ናቸው፣ ሰፈሩ የሚጠራው በቤት ስሙ ነው። መኪናም እንደዚያው ነው። ፋብሪካው አስቦበት፣ ጠበቃ አማክሮ፣ መዝገበ ቃላት አገላብጦ ያወጣለት ስም አለ። መንገድ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሕዝቡ ሌላ ስም ያወጣለታል፣ ወይም የፋብሪካውን ስም ይዞ ትርጉሙን ይጥልለታል። እስቲ መጀመሪያ የክርስትና ስማቸውን እንይ። (ከአንዱ በቀር ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

አገራችን ቶዮታ የሚበዛባት ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ቶዮታ በ1955 ያወጣትን ትልቅ መኪና "ክራውን" አላት፣ በእንግሊዝኛ ዘውድ ማለት ነው። በ1957 "ኮሮና" መጣች፣ ይህም በላቲን ዘውድ ነው። ከ2020 ወዲህ ይህን ቃል የማያውቅ የለም። ቫይረሱም ስሙን ያገኘው በማጉያ መሣሪያ ሲታይ ዙሪያውን ዘውድ የደፋ ስለሚመስል ነው። በ1966 "ኮሮላ" ተከተለች፦ ትንሽ ዘውድ፣ አክሊል፣ እንዲሁም አበባ ሲፈነዳ ዙሪያውን የሚከቡት ቅጠሎች። ከዚያ "ካምሪ" መጣች፣ በጃፓንኛ ዘውድ ማለት ከሆነው "ካንሙሪ" ከሚለው ቃል ትንሽ ተጠማዛ። በአንድ ቤት አራት ዘውድ! የአንዲት ባለጸጋ እናት ልጆች ይመስላሉ። ወደ አማርኛ ብንመልሳቸው ትልቁ ዘውዴ፣ ኮሮላም አክሊሉ ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ኩባንያው ከ50 ሚሊዮን በላይ ኮሮላ መሸጡን አስታውቋል። ስንት ሰው ነው ታዲያ አክሊል እየነዳ መሆኑን የሚያውቀው?

"ቶዮታ" ራሱ የተስተካከለ ስም ነው። የመሥራቾቹ ቤተሰብ "ቶዮዳ" ይባላሉ፣ በቃሉ ፍቺ "ለም የእርሻ ማሳ" እንደ ማለት ነው። በ1936 ለዓርማ ውድድር ሲደረግ ያሸነፈው ሥዕል "ዳ"ን "ታ" አድርጎ የጻፈው ሆነ። ይህች አንዲት ፊደል ለምን ተቀየረች? በጃፓን ካታካና "ዳ" ማለት "ታ" ሆና ትከሻዋ ላይ ሁለት ትንንሽ ጭረት የተጨመረባት ናት። ጭረቶቹ ሲነሱ ስሙ ከአሥር የብዕር ምት ወደ ስምንት ይወርዳል። ስምንት ደግሞ በእነሱ ዘንድ የመልካም ዕድል ቁጥር ነው፣ ምክንያቱም ሲጻፍ ሁለት መስመር ሆኖ ወደ ታች እየሰፋ ይወርዳል፤ እየሰፋ የሚሄድ ሀብት ማለት ነው። ድምፁም ጠራ፣ ኩባንያውም ከቤተሰቡ ስም አንድ እርምጃ ራቀ። በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው በዚሁ ስም ተቋቋመ።

ቪትዝ ግን ታስቀኛለች። በአዲስ አበባ ቪትዝ መግዛት ማለት የዓመታት ቁጠባ፣ የዕቁብ፣ የእህት የአረብ አገር ደሞዝ ነው። ቃሉ የተወሰደው "ቪትዝ" ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ነው፦ ብልሃት፣ ጨዋታ አዋቂነት። ጀርመኖች ዛሬ በብዛት የሚጠቀሙበት ግን "ቀልድ" ለማለት ነው። አንድ ጀርመን መገናኛ ቆሞ በየሦስት መኪናው አንድ "ቀልድ" ሲያልፍ ቢያይ ምን ይል ይሆን? ይህችው መኪና ከጃፓን ውጭ ስትሸጥ "ያሪስ" ትባል ነበር፣ ከ2020 ጀምሮ ጃፓን ውስጥም ስሟ ይኸው ሆኗል፣ ካሪስ ከሚባሉት የግሪክ የውበትና የሞገስ አማልክት ስም የተቀዳ ነው። ሃይሉክስ ደግሞ "ከፍተኛ ቅንጦት" ማለት ነው፣ ፍየልና ሲሚንቶ አብሮ ለሚጭን ፒክአፕ!

ከስሙ ኋላ የሚለጠፉት ፊደሎችም ሚስጥር የለባቸውም። ሶማሌ ተራ ሄደህ "የኮሮላ ፍሬን ሸራ አለ?" ብትል ሻጩ "የዲኤክስ ነው?" ብሎ ይመልስልሃል። ዲኤክስ "ዴሉክስ" የሚለው ቃል አጥሮ ነው፣ ቅንጡ ማለት። በዘመኑ ከተራው ኮሮላ ለመለየት የተለጠፈ ምልክት ነበር። ዛሬ አርባ ዓመት ሊሞላት ያለች፣ በሯ በገመድ የታሰረ ኮሮላም ቅንጡነቷን እንደ ያዘች ትኖራለች።

አውሮፓውያን ላቲን ይወዳሉ። እኛ ደግሞ ላቲን ሳናውቅ ከማንም በተሻለ ልንተረጉምላቸው እንችላለን፣ ምክንያቱም አማርኛም እንደ ላቲን አንድን ሙሉ ዓረፍተ ነገር በአንድ ግሥ ይጨርሳል። "ቮልቮ" ማለት "እሽከረከራለሁ" ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው ለኩሽኔታ ንግድ ነበር፣ መኪናው የመጣው በ1927 ነው። "ፊያት" የቶሪኖ የጣሊያን መኪና ፋብሪካ የሚለው ስም የመጀመሪያ ፊደሎች ነው፣ ነገር ግን ፊደሎቹ ሲገጣጠሙ በላቲን "ይሁን" ይሆናሉ። በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔር "ብርሃን ይሁን" ሲል የተናገረው ያው ቃል ነው። በ1899 ለተመሠረተ ኩባንያ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

ከሁሉ የምወደው የአውዲን ነው። አውጉስት ሆርሽ የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ በስሙ ያቋቋመውን ኩባንያ በ1909 ተጣልቶ ለቀቀ። ሌላ ፋብሪካ ሲከፍት የቀድሞ ባልደረቦቹ ከሰሱት፣ ፍርድ ቤቱም የራሱን ስም በራሱ መኪና ላይ እንዳይለጥፍ ከለከለው። ከዚያ በአንድ ወዳጁ ቤት ተሰብስበው ስም ሲፈልጉ፣ ጥግ ላይ የላቲን ትምህርቱን የሚያጠና የቤቱ ልጅ መፍትሔውን አመጣ። "ሆርሽ" በጀርመንኛ "ስማ!" ከሚለው ትእዛዝ ጋር አንድ ነው። በላቲን "ስማ!" "አውዲ" ነው። ሰውየው ስሙን ተቀማ፣ ግን ስሙን በሌላ ቋንቋ መልሶ ወሰደው፣ ዳኛም ምንም ሊለው አልቻለም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ሰምና ወርቅ ሳይስቅ አያልፈውም።

መርሴዲስ ደግሞ የሴት ልጅ ስም ነው። ኤሚል ዬሊኔክ የኦስትሪያ ነጋዴ፣ የታዋቂው የቪየና ረቢ የአዶልፍ ዬሊኔክ ልጅ ነበር። ኒስ ከተማ ተቀምጦ የዳይምለርን መኪኖች ለባለጸጎች ይሸጣል፣ ይወዳደርባቸዋልም። በ1900 አዲስ ሞተር እንዲሠሩለት ሲዋዋል በሴት ልጁ ስም እንዲጠራ አደረገ። ልጅቱ ያን ጊዜ 10 ዓመቷ ነበር። ስሙ በ1902 በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ፣ በዓመቱ አባትየው የራሱንም መጠሪያ ዬሊኔክ መርሴዲስ አስባለው። መርሴዲስ በስፓንኛ "ምሕረቶች" ማለት ነው፣ ከእመቤታችን ማርያም መጠሪያዎች አንዱ የሆነው "የምሕረት ማርያም" የወጣ ስም ነው። እንግዲህ ታክሲው መስተዋት ላይ "ኪዳነ ምሕረት" ብሎ የለጠፈው ሾፌርና በመርሴዲስ የሚያልፈው ባለሀብት የቅርብ ዘመድ የሆነ ስም ይዘው ጎን ለጎን መብራት ላይ ይቆማሉ።

ስም አገር ሲሻገር መሰናከሉም አይቀርም። የሚትሱቢሺ ፓጄሮ ስሙን ያገኘው ከአንድ የደቡብ አሜሪካ የዱር ድመት ነው፣ ነገር ግን በስፓንኛ ተናጋሪዎች መንደር ቃሉ ልጆች ባሉበት የማይነገር ስድብ ስለሆነ እዚያ "ሞንቴሮ" ተባለ። ሮልስ ሮይስም አንዷን መኪናውን "የብር ጭጋግ" ሊላት ካሰበ በኋላ በእንግሊዝኛ ጭጋግ የሚባለው ቃል በጀርመንኛ ፍግ መሆኑን ሰምቶ "የብር ጥላ" አደረጋት። የላዳም ታሪክ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በፊያት 124 ላይ ተመሥርታ ከ1970 ጀምሮ በቮልጋ ዳር የተሠራችው መኪና በአገሯ "ዢጉሊ" ነበረች፣ በአካባቢው ባሉ ተራሮች ስም። ይህ ቃል ግን ለአውሮፓውያን ጆሮ በሴት ገንዘብ የሚኖር ወንድ ከሚጠራበት ስም ጋር ስለሚመሳሰል ለውጭ ገበያ "ላዳ" ተባለች። ለአዲስ አበባ የደረሳት ይህ የተስተካከለው ስም ነው። ዓርማዋ ላይ ያለችውን ባለ ሸራ ጀልባ ግን ስንት ጊዜ ተሳፍረን አይተናታል?

በዚህ ረገድ በየንግድ ትምህርት ቤቱ የሚነገር አንድ ተረት አለ። የሼቭሮሌት "ኖቫ" በላቲን አሜሪካ አልሸጥ ያለው "ኖ ቫ" በስፓንኛ "አትሄድም" ማለት ስለሆነ ነው ይላሉ። ውሸት ነው። መኪናዋ በሜክሲኮም በቬኔዙዌላም ተሽጣለች። የሜክሲኮ የመንግሥት ነዳጅ ድርጅትም "ኖቫ" የሚል ቤንዚን ይሸጥ ነበር፣ ሰው ግን "የማይሄድ ቤንዚን" ብሎ አልሸሸም። ምክንያቱ ለአማርኛ ተናጋሪ ግልጽ ነው። "ገና" ብለን ስንጽፍ የልደት በዓልም ይሆናል፣ "ገና ነው፣ አልደረሰም" ማለትም ይሆናል። በጽሑፍ አንድ ናቸው። በንግግር ግን የበዓሉን "ገና" አጥብቀን፣ ሌላውን አላልተን ስለምንጠራ "እንኳን ለገና አደረሰህ" ሲባል "ገና አልደረሰም" ብሎ የሚቀየም የለም። ስፓንኛ ተናጋሪም "ኖቫ"ን እና "ኖ ቫ"ን በአጠራሩ ይለያል። ተረቱን የፈጠረው ቋንቋውን ከወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

መሪ ቃል ወይም መፈክር ከስም የሚለየው ዕድሜው አጭር በመሆኑ ነው። የቮልስዋገን ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ናዚዎች በ1938 መኪናዋን "ካዴኤፍ ዋገን" አሏት፣ "ብርታት በደስታ" የሚለውን የድርጅታቸውን መፈክር አሳጥረው። መፈክሩ ከአገዛዙ ጋር ሞተ። የቀረው "የሕዝብ መኪና" የሚለው ተራ ስም ነው። ቮልክስ ሕዝብ ነው፣ ዋገን መኪና። እኛ ደግሞ ግማሹን ቆርጠን "ቮልስ" አልናት። መኪናው ወድቆ ሕዝቡ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ይህችኑ ከናዚ ፋብሪካ የወጣች ትንሽ መኪና በ1959 ለአሜሪካውያን እንድትሸጥ ያደረጋት ዊልያም በርንባክ የሚባል አይሁዳዊ ከመሪዎቹ አንዱ የሆነበት የኒው ዮርክ የማስታወቂያ ድርጅት ነው። ገጹን ባዶ ነጭ ተዉት። መኪናዋን በአንድ ጥግ ላይ እንደ ዝንብ አሳንሰው አስቀመጧት። ከሥሯ "ትንሽ አስብ" ብለው ጻፉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጁን "ትልቅ አስብ" እያለ ያሳድጋል፣ መፈክሩም ያንን ምክር ገለበጠበት። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ መኪና እንደ ጀልባ ረጅም ነው፣ ክንፍ አለው፣ ቤንዚን ይጠጣል። ነውሯን ሊደብቁላት ይችሉ ነበር፣ እነሱ ግን ነውሯን መፈክር አደረጉት። እኔ እንደሚመስለኝ በመኪና ማስታወቂያ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለም።

ጀርመኖቹ በኋላ ትሕትናውን ተዉት። ከ2007 ጀምሮ ቮልስዋገን በየአገሩ "ዳስ አውቶ" ይል ነበር። ትርጉሙ "መኪናው" ብቻ ነው። ጉልበቱ ያለው "ው" ላይ ነው፦ ሌላው መኪና ይሁን አይሁን አናውቅም፣ መኪናው ግን ይሄ ነው። በመስከረም 2015 ኩባንያው የናፍጣ ሞተሮቹ በምርመራ ጊዜ ብቻ ጭሳቸውን እንዲቀንሱ የሚያደርግ ፕሮግራም መጫኑ በአሜሪካ ተጋለጠ፣ ጉዳዩ 11 ሚሊዮን ያህል መኪና የሚነካ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መፈክሩን አነሱት። "ዳስ" ለእኛ የሰርግም የለቅሶም ነው፣ ያን ጊዜ የለቅሶው ሆነ።

መፈክር መተርጎም ከባድ ነው። ቢኤምደብሊው በአገሩ "የመንዳት ደስታ" ይላል፣ ልስልስ ያለ ነው። ለአሜሪካ በ1970ዎቹ የተጻፈለትን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ብናመጣው "የመጨረሻው የመንጃ ማሽን" ይሆናል። ይህን የሚያነብ ሰው መኪናው ምርቱ ሊቆም የመጨረሻው ነው፣ ወይም ተሰልፎ መጨረሻ የቆመ ነው ሊል ይችላል። የሰፈር ልጅ ግን "የመጨረሻ ነው!" ሲል ከዚህ በላይ የለም ማለቱ ነው። አንዲት "ው" ተነሥታ አድናቆቱ መጣ። አውዲ ደግሞ ጣጣውን ሁሉ ትቶ በ1980ዎቹ ለእንግሊዞች መፈክሩን በጀርመንኛው እንዳለ አቀረበው፣ "በቴክኒክ ቀድሞ መገኘት" የሚለውን። አብዛኛው ሰሚ አልገባውም። መልእክቱ ያለው ግን በቃሉ ትርጉም ሳይሆን ጀርመንኛ በመሆኑ ነበር፦ ይህን የሠሩት ጀርመኖች ናቸው፣ በቃ።

የቤት ስሙን ታክሲ ተራ ላይ እንፈልገው። በደርግ ዘመን የፖለቲካ ውይይት በየቀበሌው ግዴታ በነበረበት ጊዜ፣ ተሳፋሪው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት ታክሲ "ውይይት" ተባለ። ለዚያ ዘመን ከዚህ የበለጠ የተሳካ ቀልድ ያለ አይመስለኝም፣ ደግሞም ማንም በቀልደኝነት ሊታሰርበት አይችልም። በአይሱዙ ላይ እዚሁ አገር ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ አካል የተሠራለት አውቶቡስ "ቅጥቅጥ" ነው። ቀይ ቀለም የተቀባው ሲኖትራክ ከቀለሙም ከሚያደርሰው አደጋም ተነሥቶ "ቀይ ሽብር" ተባለ። ሕዝቡ መርዶውን በታሪኩ ስም ይጠራዋል። "አባዱላ" ደግሞ በኦሮምኛ የጦር መሪ ማለት ነው። ክፍለ ሀገር ስትሄድበት ስሙ ለምን እንደ ተገባው ይገባሃል። የፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪናን ሾፌሮቻችን በጣሊያንኛው ቁጥር "ኤንትሬ" አሉት፣ አማርኛም ሆኖ ቀረ። ባጃጅም የአንድ የሕንድ ነጋዴ ቤተሰብ ስም ነበር፣ ዛሬ የሌላ ኩባንያ ባለ ሦስት እግር ቢመጣም ያው ባጃጅ ነው።

"ቪ8" ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ሞተሩ ስምንት ሲሊንደር በሁለት ረድፍ እንደ ፈረንጅ "ቪ" ፊደል የተሰደረ መሆኑን ብቻ የሚናገር የመካኒክ ቃል ነበር። እኛ አገር ግን ማዕረግ ሆነ፤ "ቪ8 ይነዳል" ሲባል ስለ ሞተሩ የሚጠይቅ የለም። በ2021 የወጣው አዲሱ ላንድክሩዘር ስምንቱን ትቶ ስድስት ሲሊንደር ሆኗል። ማዕረጉ ግን አልቀነሰም።

አሁን ደግሞ አዲስ ስሞች እየገቡ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ መንገዱን የሞሉት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ቢዋይዲ በአሁኑ አተረጓጎም "ህልምህን ገንባ" የሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ምሕጻር ነው። መጀመሪያ ግን የቻይንኛው ስም ድምፅ ብቻ ነበር፣ ትርጉሙ በኋላ ተለጠፈለት። "ሶንግ" የሚባለውን ሞዴል ሰዎች "ዘፈን" ሲሉት ሰምቻለሁ። ሶንግ ከ960 እስከ 1279 ቻይናን የገዛ ሥርወ መንግሥት ነው። ታንግ፣ ዩዋን፣ ቺን፣ ሃን የሚባሉትም እንዲሁ። እኛ መኪና ብንሠራ "ዛጉዌ ፕላስ" ብለን እንደ መሸጥ ማለት ነው። የኮሪያው ኪያ "ከእስያ መነሣት" ነው ይላሉ ባለቤቶቹ። ኦሮምኛ የሚናገር ጓደኛዬ ግን "ኪያ ማለት የኔ ማለት ነው" ብሎ ያንኑ ገዛ። ከፋብሪካው ይልቅ የእሱ ትርጉም አሳምኖኛል።

ይኸው ጓደኛዬ ባለፈው ደውሎ "ዛሬ በዶልፊን ነው የመጣሁት" አለኝ። ቢዋይዲም ዶልፊን የሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና አለው። ኪያውን ሸጦ ያንን የገዛ መስሎኝ "እንኳን ደስ ያለህ! ቻርጅ የት ታደርገዋለህ?" አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ኪያው ጋራዥ ገብቶበት ነበር። ከመገናኛ የተሳፈረው እኛ አፍንጫውን አይተን "ዶልፊን" ያልነውን ሚኒባስ ነበር፣ ያውም ቆሞ።